ዶክተር መላኩ በያን

የታሪክ መምህራችን ለዘንድሮው መጽሔት እያንዳንዳችን በወሎ ስለ ተወለደ አንድ ስመ ጥር ሰው እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ፥ ጓደኞቼ ወዲያው የንጉሥ ሚካኤልንና የልጅ ኢያሱን ስም ተሻሙ። እኔ ዘግይቼ እጄን ስላወጣሁ የሚተርፍ ስም አጣሁ። መምህራችንም ጥቂት አሰብ አድርገው ስለ ዶክተር መላኩ በያን ሰምቼ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። አልሰማሁም ነበር። ከክፍሉም አንድ ሰው እንኳ የሰማ አልነበረም። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ ዛሬ ግን በመዘግየቴ አልጸጸትም። የማልጸጸትበትን ምክንያት ለመግለጽ አስቀድሜ ስለ ራሴ ቤት ጥቂት መናገር ስላለብኝ አንባቢዎቼ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

በባቲ ሰው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ቀድሞ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደ ሆነ ነው። ሰኞ ሰኞ ገበያችን ሲቆም አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፤ ኦሮሞው፥ አማራውና አርጎባው ከየመንደሩ ይመጣል። ቋንቋቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም አባት ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ቤት ያልቆጠረ ሰው ባለማወቅ ዘመዱን እንዳያገባ ይፈራል። እኔ ግን ከአባቴ ጀምሬ ስቆጥር ሦስት ላይ እቆማለሁ። የአያቴ አባት ሕፃን ሳሉ ነጋዴዎች ከሩቅ አገር ይዘዋቸው መጥተው እዚህ አካባቢ የተሸጡ ሰው ናቸው። ስማቸውንም ያወጡላቸው የገዟቸው ጌታ ናቸው። እናታቸውና አባታቸው ማን እንደ ነበሩ፥ አገራቸውም የት እንደ ነበረ፥ እሳቸውም ራሳቸው በውል አያስታውሱም ነበር። በዚያ ዘመን ከወሎ ተነሥተው በአፋር በረሓ አድርገው ወደ ታጁራ ወደብ ይወርዱ ከነበሩት ሲራራዎች መካከል ሰው የሚነዱም እንደ ነበሩ በታሪክ መጽሐፍ ተጽፎአል። ሁሉም ግን እስከ ባሕሩ አልደረሰም፤ እዚሁ የቀረም አለ።

ባለፈው ዓመት ለአጎቴ ሚስት ልትታጭ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። የልጅቱ ወገኖች ሰባት ቤት ቆጠሩ። ተራው የእኛ ሲሆን አያቴ የአባታቸውን ስም ጠርተው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጽፍም፤ ጋብቻው ቀርቶአል። የዶክተር መላኩን ታሪክ ማንበብ የጀመርሁት ይህ ነገር ገና ከልቤ ሳይወጣ ነው።

ዶክተር መላኩ በያን በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የሥጋ ዝምድና ነበራቸው። ያደጉትም የተማሩትም በሐረር፥ በራስ መኰንን ግቢ ነው። ስለዚህ አባት መቁጠር የሚያስቸግራቸው ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም በአገራችን ዘር የሚያኰራ ከሆነ ሊኰሩ ከሚችሉት ወገን ነበሩ። ወጣት ሳሉ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ከላኳቸው ጥቂት ልጆች መካከል ተቈጠሩ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሕንድ አገር ነበር። ሕንድ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ከዚያ ብዙም ሳይቈዩ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

በአሜሪካ የገቡበት ትምህርት ቤት በኦሃዮ ግዛት፥ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው የመስኪንገም ኮሌጅ ነበር። ከዚህ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1928 በሳይንስ ዲግሪ ተመረቁ። ብርዱን፥ እንግዳ ምግቡንና ናፍቆቱን እንደ ምን እንደ ቻሉት መገመት ይቻላል። እኔ ደሴ ለሁለት ሳምንት ሄጄ እንኳ ቤቴ ናፍቆኛል። ነገር ግን ዶክተር መላኩን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም የአሜሪካ ሰው ሰውን በቆዳው ቀለም የሚለይ መሆኑ ነው። በባቡር፥ በምግብ ቤት፥ በትምህርት ቤትና በሐኪም ቤት ጥቁሩ ለብቻ ነጩ ለብቻ ይደረግ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አሜሪካ አንድ ልማድ መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ዶክተር መላኩ በኋላ የሠሩት ሥራ ፍቺው አይገለጽም። አሜሪካ አዲስ አገር ስለ ሆነች ሰዎቿ አባት አይቆጥሩም የሚል ግምት ነበረኝ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1620 ሜይፍላወር የምትባል መርከብ 102 መንገደኞች ይዛ ከእንግሊዝ አገር ተነሥታ ዛሬ ማሳቹሴትስ በሚባለው ጠረፍ ደረሰች። ከነዚያ ሰዎች ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን ክረምት ሳይዘልቁ በብርድና በበሽታ አለቁ። የተረፉት ተዋልደው በዙ። ከሁለት መቶ ሰባ ሰባት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1897፥ የልጅ ልጆቻቸው ፕሊመዝ በምትባለው ከተማ የሜይፍላወር ተወላጆች ማኅበር አቋቋሙ። እንደዚሁም የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1607 በሰፈሩባት በቨርጂኒያ፥ እስከ 1624 ድረስ ከነበሩት ሰፋሪዎች የተወለዱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1912 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ተዋግተው ነጻነታቸውን ካገኙት አርበኞች የተወለዱ ሴቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890 የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች የሚባለውን ትልቅ ማኅበር አቁመው ነበር።

እነዚህ ማኅበራት የአባቶቻቸውን ቤት ይጠብቃሉ፤ ቤተ መዘክር ያቆማሉ፤ የትውልድ መጻሕፍት ያሳትማሉ፤ ለተማሪዎችም ሽልማት ይሰጣሉ። መልካም ሥራ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ወደ ማኅበሩ ለመግባት የሚሻ ሰው በገንዘብ ወይም በሥራ አይገባም። ከራሱ ጀምሮ ወደ ላይ እስከ መርከቡ መንገደኛ ድረስ፥ ለየትውልዱ የልደት፥ የጋብቻና የሞት ማስረጃ እያቀረበ ማስረዳት አለበት። ለአንዱ ትውልድ ማስረጃ ከጠፋ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን መርከብ እንመልከት። ሜይፍላወር ከመድረሷ በአንድ ዓመት ቀድሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1619፥ ከሃያ የሚበልጡ ከአንጎላ የተማረኩ አፍሪካውያን በቨርጂኒያ ጠረፍ ወርደው ተሸጡ። በዓመት ከተቆጠረ እነዚህም ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ናቸው። ልጆቻቸው ግን ምን ወረቀት ያቅርቡ? የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1850 እና በ1860 ሕዝብ ሲቆጥር ባሮቹን የመዘገበው በባለቤቱ ስም ሥር፥ ዕድሜአቸውንና ፆታቸውን እየጻፈ ነው፤ በጠቅላላው ስም አልጻፈም። ጥቁሮች ሁሉ እንደ ሌላው ሰው በየስማቸው የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

ዶክተር መላኩ ሕክምና ለመማር የመረጡት ቦታ በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ የርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1867፥ ተቋቁሞ ብዙ ጥቁር ሐኪሞችን፥ የሕግ ዐዋቂዎችንና መምህራንን ያወጣ ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ ዘመድ በመሆናቸው ከነጮቹ ጋር ለመማር መንገድ ነበራቸው፤ ተምረውም ነበር። ወደ ሃዋርድ የሄዱት ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ለመኖርና እነሱን ለማወቅ ፈልገው ነው። በዚያ ዘመን አንዳንድ የፈረንጅ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያውያን ጥቁሮች አይደሉም እያሉ ይጽፉ ነበር። ከእኛም ሰዎች ይህን ንግግር ደስ ብሎአቸው የተቀበሉ አልጠፉም፤ በአሜሪካ ሲሄዱ ከጥቁሮቹ ጋር እንዳይቆጠሩ የሚሸሹ ነበሩ። ዶክተር መላኩ ግን ይህን አሳብ አጥብቀው ተቃወሙ። ኢትዮጵያዊውና ጥቁር አሜሪካዊው አንድ ወገን እንደ ሆኑ በየስብሰባው ይናገሩ ነበር።

ኑሮአቸውም ከቃላቸው ጋር የተስማማ ነበር። በአገራቸው ከአንድ ታላቅ ባለሥልጣን ልጅ ጋር ታጭተው እንደ ነበር ይነገራል። እሳቸው ግን ያን ትተው እ.ኤ.አ. በ1931 ዶሮቲ ሃድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ወይዘሮ ዶሮቲ በኋላ በሥራው ሁሉ ረዳታቸው ሆነዋል። እንግዲህ አባቶቻቸውን ወደ ላይ መቁጠር የሚችሉት መኰንን፥ የቅድመ አያቶቻቸው ስም ከጠፋባት ወገን ሴት ጋር ተጋቡ ማለት ነው። ሽማግሌ ልከው ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ ብለው እንደ ሆነ አላነበብሁም።

በሃዋርድ የአፍሪካን ታሪክ ያስተምሩ ከነበሩት ከፕሮፌሰር ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪ ጋርም ወዳጅ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1934 ሁለቱ ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና አንድ የምርምር ጉባኤ አቋቋሙ። ፕሮፌሰር ሃንስቤሪ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1964፥ በአፍሪካ ጥናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት የተቀበሉት ሰው ናቸው። የቺካጎው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አየር ኃይላችንን እንዲመራ መንገድ የከፈቱትም ዶክተር መላኩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1935 የሕክምና ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተመለሱበት ጊዜ ግን ክፉ ጊዜ ነበር። የወልወል ግጭት የተነሣው በኅዳር 1927 ዓ.ም. ነው፤ ዓመት ሳይሞላው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ መረብን ተሻገረች። ለስንት ዓመት የተማሩትን ሕክምና በጸጥታ ሳይሠሩበት ጦርነት ደረሰ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ስለ ነበር ገና የጥቂት ወራት ዕድሜ ብቻ ነበረው። ዶክተር መላኩም በዚህ ማኅበር ስም ቁስለኛ አከሙ፤ ለንጉሠ ነገሥቱም በአስተርጓሚነት አገለገሉ።

የእኛም አገር ከዚያ ጦርነት ድርሻዋን ቀምሳለች። ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሰፍረው ሳለ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቧት፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም አልተረፈም። ዛሬ ከደሴ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ የምናውቅ ሁሉ የኢጣልያኖችን ሥራ እናውቃለን። መንገዱ መልካም ነው፤ የተሠራበት ምክንያት ግን ለእኛ ደግነት አልነበረም።

በአሜሪካ ሃርለም፥ ይኸውም የኒው ዮርክ ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር፥ የዚህ ጦርነት ወሬ እንደ ራስ ቤት መርዶ ነበር የተሰማው። በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ለኢትዮጵያ ለመዝመት ስማቸውን አስመዘገቡ። ነገር ግን የአሜሪካ ሕግ አንድ አሜሪካዊ በሌላ አገር ጦር ውስጥ እንዲገባ ስለማይፈቅድ ብዙዎቹ ቀሩ። የአሜሪካ መንግሥትም በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ባወጣው የገለልተኛነት ሕግ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥን ከለከለ። መሣሪያ ላላት ለኢጣልያ ይህ ምንም አልነበረም፤ የተጐዳችው ኢትዮጵያ ናት። ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የሜይፍላወር መንገደኞች ተወላጅ ነበሩ። ከአባቶቻቸው አንዱ ጆን ሃውላንድ በጉዞው ላይ ማዕበል ከመርከቧ ጠርጎት በገመድ ተንጠልጥሎ የዳነ አገልጋይ ነበር። ያ ገመድ ቢበጠስ ኖሮ የስንት ሺህ ሰው ዘር በዚያ ይቀር ነበር! ይህን ከጉዳዩ ወጣ ብዬ የተናገርሁት፥ የታላላቆች የዘር ሐረግ ሲመረመር ሥሩ ላይ አንዳንድ ጊዜ አሽከር እንደሚገኝ ስላስገረመኝ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ኢጣልያኖች ገቡ። ዶክተር መላኩም በስደቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተከተሉ። በዚያው ዓመት ክረምት ከሃርለም የተላኩ የጥቁሮች መሪዎች ወደ ለንደን መጥተው የሚሰበሰበው ርዳታ በትክክል እንዲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸውን እንደራሴ እንዲልኩላቸው ለመኑ። የተመረጡት ዶክተር መላኩ ሆኑ። በመስከረም 1929 ዓ.ም. ከባለቤታቸውና ከትንሽ ልጃቸው ጋር ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ለኢትዮጵያ የሚለምኑ ኮሚቴዎች ብዙ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይስማሙም። አንዱ ሌላውን በገንዘብ ያማል፤ የፖለቲካ ወገኖችም በመካከላቸው ገብተው ነበር። ዶክተር መላኩ ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባል ጋዜጣም ያሳትሙ ነበር። ማኅበሩ ለስደተኞች ገንዘብና ልብስ ይሰበስባል፤ በየከተማው ቅርንጫፍ ያቋቁማል፤ የኢትዮጵያን ታሪክ ያስተምራል። በ1930ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት መጨረሻ ቅርንጫፉ እስከ ጃማይካ ዋና ከተማ እስከ ኪንግስተን ደርሶ ነበር። ጋዜጣው ደግሞ ጥቁሮች ባርነት ያወጣላቸውን ኒግሮ የሚለውን ስም ትተው ራሳቸውን በኵራት ጥቁር ብለው እንዲጠሩ ይከራከር ነበር። ይህ ክርክር በሌሎች አሜሪካውያን ዘንድ የተለመደው ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ የበለጠ የነካኝ የማኅበሩ መግቢያ በር ነው። ይህም በትውልድ ላይ የቆመ ማኅበር ነው፤ የጥቁር ሕዝብ ልጆች ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ብሎ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ከማንም የልደት ወረቀት አልጠየቀም። ስንት ቤት ትቆጥራለህ አላለም። አያቱ ከየትኛው ወደብ እንደ ተጫነ የማያውቅ የሃርለም ወዛደር፥ ስሙ የጌታው ስም የሆነ የቺካጎ ሠራተኛ፥ የአባልነቱን መዋጮ ከፍሎ የኢትዮጵያ ወገን ይሆናል። ይህን በር የከፈቱት አባት በመቁጠር ሊኰሩ የሚችሉት መኰንን ናቸው።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን መደበቅ አይገባኝም። ዶክተር መላኩ በአሜሪካ ስለ ወገንነት ሲናገሩ በገዛ አገራችን ሰው ገና ባሪያ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ ነጻ የማውጣቱ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ግን በየመንደሩ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው ጠላት ከተባረረ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ሙሶሊኒም ይህን ነውራችንን እያነሣ ለወረራው ምክንያት አድርጎታል፤ እሱ ነጻ ሊያወጣን እንዳልመጣ ደሴ ምስክር ናት። በመኳንንት ግቢ ያደጉት ዶክተር መላኩ ይህን አያውቁም ለማለት አልደፍርም። በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ስለ አያቴ አባት ልጠይቃቸው እወድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካን ያነጋገረ አንድ ነገር ሆነ። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ድምፀ መረዋዋን ጥቁር ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰንን በዋሽንግተን እንድትዘፍን ጋበዘ። ሰፊው አዳራሽ የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች ማኅበር ንብረት ነበር። ማኅበሩም በቀለሟ ምክንያት አዳራሹን ከለከላት። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤልያኖር ሩዝቬልት በዚህ አዝነው ከማኅበሩ ወጡ። ማሪያን አንደርሰንም በፋሲካ ቀን፥ ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም.፥ በአብርሃም ሊንከን መታሰቢያ ደጅ በአደባባይ ዘፈነች፤ 75 ሺህ ያህል ሕዝብ ቆሞ አዳመጣት። ዶክተር መላኩ በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ በሥራቸው ላይ ነበሩ፤ የተማሩበት ትምህርት ቤት ስም በየጋዜጣው ሲነሣ ሳያዩ አልቀሩም። ያ የሴቶች ማኅበር በኋላ ልማዱን ለውጦአል፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ለዚያችው ዘፋኝ አዳራሹን ከፈተ፤ የመጀመሪያዋን ጥቁር አባል የተቀበለው ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

ዶክተር መላኩ ዕረፍት አያውቁም ነበር። ቀን በቢሮ፥ ማታ በቤተ ክርስቲያንና በአዳራሽ፥ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ስለ ኢትዮጵያ ይናገራሉ፤ ለጋዜጣው ይጽፋሉ፤ ለስደተኛው ይለምናሉ። በመጨረሻ ሰውነታቸው ዛለ። የሳምባ በሽታ ይዞአቸው ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በስደት አገር ሞቱ። አርባ ዓመታቸው ነበር። ቀኑን በአገራችን አቆጣጠር መልሼ ስቆጥረው አዲስ አበባ የተያዘችበት አራተኛ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ሆኖ አገኘሁት። በዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ነጻ ወደ ወጣችው ከተማቸው ሲገቡ ዶክተር መላኩ አላዩም።

ማኅበራቸው ግን አልሞተም። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ በጦርነቱ ዘመን ለረዱን ጥቁሮች ምስጋና እንዲሆን በሻሸመኔ አጠገብ፥ መልካ ኦዳ በሚባለው ቦታ፥ 5 ጋሻ መሬት በዚሁ ፌዴሬሽን በኩል ሰጡ። 200 ሄክታር ማለት ነው። በመጀመሪያ ከሰፈሩት መካከል ከካሪቢያን ደሴቶች የተገኙት ባልና ሚስት ጄምስና ሄለን ፓይፐር ይገኛሉ። በ1948 ዓ.ም. ወሬው በጃማይካ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች፥ ይልቁንም ራስታፈሪያን የሚባሉት፥ እየመጡ ሰፈሩ። የንጉሠ ነገሥቱ የሚያዝያ 1958 ዓ.ም. የጃማይካ ጉብኝትም አሳባቸውን አበረታው።

ስለዚህ ሰፈር ስናነብ ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ቀድሞም የአካባቢው ኦሮሞ ገበሬና ከብት አርቢ ይኖርበት ነበር። ሰፋሪ በሚባልበት ሁሉ፥ በፕሊመዝም ይሁን በሻሸመኔ፥ ቀድሞ የነበረው ሰው እንዲረሳ ባላደርግ ደስ ይለኛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ሰፋሪዎቹም አብዛኛውን መሬት አጡ፤ ብዙዎች ሄዱ፤ ጥቂቶች ጸንተው ቀሩ። ልጆችና የልጅ ልጆች ወለዱ። እነዚህ ልጆች አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ አድገው ሳለ ብዙዎቹ የየትኛውም አገር ወረቀት አልነበራቸውም። ወረቀት የማይጠይቀው ማኅበር የወለዳቸው ልጆች በወረቀት እጦት ተቸገሩ። መንግሥት ለእነሱ የመታወቂያ ካርድ መስጠት የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ አንድ ማታ ለአያቴ አነበብሁላቸው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ጆሮአቸው ግን ንቁ ነው። ስለ ሜይፍላወር ሳነብ ሳቁ፤ ፈረንጅም እንደ ባቲ ሰው ሰባት ቤት ይቆጥራል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ስለ አባታቸው የጻፍሁበት ቦታ ስደርስ አስቆሙኝ። ይጠፋ ይሆን ብዬ ፈርቼ ልሰርዘው አሰብሁ፤ እሳቸው ግን እንደገና አንብበው አሉኝ፤ ደግሜ አነበብሁት። ከዚያም የሻሸመኔ ሰዎች ስንት ቤት እንደሚቆጥሩ ጠየቁኝ። ከእነሱ አንድም ሰው እንደማላውቅ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፥ ከነዚያ ሰዎች አንዱ ምናልባት ሰኞ በገበያችን ሲያልፍ ባየው ይዤው ወደ ቤት እንድመጣ፥ ቡናው እስኪፈላ ድረስም ማንነቱን እንዳልጠይቀው አዘዙኝ።